ዘጠነኛው ካሴት

አባቴ ትምህርት ቤት ያላስገባኝ በድህነት አይደለም። ይህን መጀመሪያ ልናገረውና ልገላገል፤ ሰው በጠየቀኝ ቁጥር "በችግር ነው" እያልኩ ስሙን ስሸፍንለት ኖሬያለሁ። ወንድሜን አስገባ፣ እኔን አስቀረ። ለምን ስለው፣ "አንዱ ከተማረ ለሁለታችሁም ያነባል" አለኝ። ወንድሜ በሦስት ዓመት ይበልጠኛል። እናታችን ገና ጡት ሳልጥል ስለሞተች የሚከራከርልኝ አልነበረም። ስለዚህ ወንድሜ ለሁለታችን አነበበ፣ እኔ ለሁለታችን ተሸከምኩ። ፊደል የቆጠርኩት ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ አባቴን "አለ፣ መጣ" እያልኩ ነው የምጽፈው። በአፌ ግን እስኪሞት ድረስ "እርስዎ" ስለው ኖሬያለሁ። አሁን ደክሞኛል።

አባቴ ከቡታጅራ በኩል ወደዚህ ሐይቅ ዳር ከተማ መጥቶ፣ አዲስ ከተማ የሚባለው ሰፈር ልብስ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመት ውስጥ ቪዲዮ ቤት በየሰፈሩ እንደ አሸን ሲፈላ ልብሱን አራግፎ ሸጠና ሱቁን ቪዲዮ ቤት አደረገው። አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ የቪዲዮ ዴክ፣ ከጣውላ የተመቱ አግዳሚዎች፣ ብርሃን እንዳይገባ መስኮቱ ላይ የተቸነከረ ጥቁር ፕላስቲክ። ከቀትር በኋላ ቆርቆሮው ሲግል ውስጡ የዳቦ ምድጃ ይሆናል። ሰው ግን ይገባል፤ ሸሚዙን ፈቶ፣ ላቡን በእጁ እየጠረገ ይቀመጣል።

እኛ ቤት ፊልም ዝም ተብሎ አይታይም። ወንድሜ ቀጭን ቀርከሃ ይዞ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ይቆምና በእንግሊዝኛ የተባለውን በአማርኛ ያስረዳል። የፊት አግዳሚ ላይ የሚቀመጡት ደግሞ የእሱን አማርኛ ተቀብለው፣ ገና ከገጠር ለመጡ ጓደኞቻቸው በሲዳምኛ ያቀብላሉ። አንድ ቀልድ ሁለት ጊዜ ይሳቅበታል፤ መጀመሪያ ከኋላ፣ ቀጥሎ ከፊት። እኔ ዴኩ ጋ ነኝ። ካሴት አስገባለሁ፣ አወጣለሁ፣ ምስሉ ሲንሸዋረር ዴኩን ከፍቼ በአልኮል እጠርጋለሁ፣ መብራት ሲጠፋ የሕዝቡን ስድብ እቀበላለሁ። ያን ጊዜ ሃያ ዓመት አልፎኛል። አባቴ በሩ ላይ በርጩማው ላይ ተቀምጦ የሚገባውን ይቆጣጠራል፤ ዓይኑ ግን ወንድሜ ላይ ነው። ወንድሜ ረጅም ንግግር ባስረዳ ቁጥር ሎተሪ እንደወጣለት ሰው ብቻውን ፈገግ ይላል።

ከፊልሙ ሁሉ ቤቱን ያቆመው የጠፈሩ ፊልም ነው። ዘጠኝ ካሴት ነው፤ የአዲስ አበባ አውቶቡስ ሾፌር በካርቶን አምጥቶ ለአባቴ የሸጠለት። በስሙ የጠራው ሰው የለም፤ ሰፈሩ "የነሽማግሌው" ነው የሚለው። ከኮከብ ኮከብ በረዶ እያመላለሰ ውሃ የሚሸጥ ቤተሰብ ታሪክ ነው። አባትየው ሽማግሌ ነው፣ አንድ እጁ ብረት። ሚስቱ ታማ መስታወት ሣጥን ውስጥ ተኝታለች፤ አልሞተች፣ አልዳነች። ትልቁ ልጅ "ትቀስቀስ" ይላል፤ ሽማግሌው "ከተቀሰቀሰች ትሞታለች" ይላል። በዚህ ይኳረፋሉ፣ ትልቁ ልጅም ሄዶ ከጠላት ጋር ይሰለፋል። ከዚያ ወዲያ የሚታየው የመርከብ ቃጠሎ፣ የከተማ መፍረስ፣ የሠራዊት መተላለቅ ሁሉ፣ እነዚህ ሁለት ሰዎች አንድ ገበታ ላይ ቀርበው መነጋገር ስላቃታቸው የመጣ ነው። ለአንድ ቤት ኩርፊያ ስንት ኮከብ ተቃጠለ! ሰው የሚመጣው ለተኩሱ ይመስላችኋል፤ አይደለም። ቁጭ ብለው ሳይነጋገሩ የሚበሉበት ቦታ ሲደርስ ነው ቤቱ ጸጥ የሚለው። ሁሉም ያንን ገበታ ያውቀዋል።

ትንሽ ልጅም አላቸው። መርከቧ ሆድ ውስጥ በቅባት ተለውሶ ሞተር ይጠግናል። በዘጠኙም ካሴት አባትየው አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ብሎ አያየውም። ከፊልሙ በኋላ ስለዚህ ልጅ የሚያወራ ሰው ሰምቼ አላውቅም። እኔ ግን እሱን ነበር የማየው።

ወንድሜ በዚያ ሰሞን ጴንጤ ሆነ። አባቴ ሰምቶ እንዳልሰማ አለፈው፤ ወንድሜ ምን ቢያደርግ ያልፍለታል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቤቱ ሞልቶ ሰው መሬት ላይ ሁሉ ተቀምጦ፣ አራተኛውን ካሴት እያሳየን ሳለ ወንድሜ ማስረዳቱን አቆመና ቴሌቪዥኑን አጠፋው።

"ወገኖቼ፣" አለ፣ "ይሄ የሰይጣን ሥራ ነው። እስከ ዛሬ ያሳሳትኳችሁ እኔ ነኝ፣ ይቅር በሉኝ። አባቴም ከዚህ ሥራ እጃቸውን ይሰብስቡ።"

"አብራው አቦ!" አለ አንዱ ከኋላ። "ስብከቱን ለእሁድ አድርገው፣ ሽማግሌው መርከቡ እየተቃጠለበት ነው!"

አባቴ በአግዳሚዎቹ መሃል እየተጋፋ መጣ። "ዘወር በል" አለው።

"አባባ፣ እውነቱን ነው የነገርኳቸው።"

"ዘወር በል አልኩህ።"

አባቴ ቴሌቪዥኑን ሊያበራ እጁን ሲሰድ ወንድሜ ክንዱን ይዞ ገፋው። ለመምታት አይደለም የገፋው፤ ይህን አይቻለሁ። አባቴ ግን ወደ ኋላ ሄዶ አግዳሚው ጠርዝ ላይ በአፉ ወደቀ። ሲነሳ የፊት ጥርሱ የለም። መቶ ሰው እያየው። ወንድሜ ቀርከሃውን መሬት ላይ ጣለና በለበሰው ልብስ ወጣ።

በእኛ ዘንድ አባቱን የገፋ ልጅ መመለሻው አንድ ነው። ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ፣ ከሽማግሌዎች ጋር ደጅ ይመጣል። የተበደለው ሰው "ጣለው" እስኪል ድረስ ድንጋዩ አይወርድም። "ጣለው" ካለ አለቀ፤ ነገሩ ሁለተኛ አይነሳም። አባቴ፣ "ድንጋዩን ተሸክሞ ይምጣ" አለ። ወንድሜ ባህል አዳራሽ አካባቢ ቤት ተከራይቶ፣ እዚያው አንድ ቢሮ ውስጥ በጸሐፊነት ተቀጥሮ ነበር። እሱ ደግሞ፣ "እኔ የምንበረከከው ለፈጠረኝ ብቻ ነው" አለ። መልእክቱን የማመላልሰው እኔ ነኝ። እንዲታረቁ እፈልግ ነበር። ከታረቁ፣ አባቴ በሩን በሩን ማየቱን ትቶ ቤት ውስጥ ያለውን ሰው ያያል ብዬ ነው።

ወንድሜ በሄደ በሳምንቱ አባቴ ቀርከሃውን አነሳና ሰጠኝ።

"አንተ አስረዳ።"

"አባባ፣ እንግሊዝኛ አላውቅም እኮ።"

"እነሱስ ያውቃሉ?"

እንዲህ ነው ተርጓሚ የሆንኩት። አራተኛውን እንደምንም ጨረስኩት። አምስት ካሴት ቀረ። ቅደም ተከተላቸውን የሚያውቀው ወንድሜ ብቻ ነበር። ጀርባቸው ላይ ያለው ቁጥር ብር ላይ ያለው ዓይነት አይደለም፤ የብሩን ቁጥርማ ማን አያውቅም። እነዚህ እንጨትና፣ የተገለበጠ ጣራ የሚመስል ነገርና፣ መስቀል ናቸው። ወንድሜ ሲያሳይ የመጀመሪያው ካሴት አንድ እንጨት፣ ሁለተኛው ሁለት፣ ሦስተኛው ሦስት እንጨት እንደነበረው አይቻለሁ። እንግዲህ ምልክቱ በበዛ ቁጥር ካሴቱ ኋለኛ ነው ማለት ነው አልኩ። አምስቱን አግዳሚ ላይ ደርድሬ በጣቴ ቆጠርኩ። አንድ ምልክት ያለው ቀደመ። ሁለት ምልክት ያላቸው ሁለት ሆኑብኝ፤ አንዱ ላይ መስቀል አለ፤ ለመስቀሉ ክብር ብዬ እሱን አስቀደምኩት። ከዚያ ባለ ሦስት። ባለ አራቱ መጨረሻ ሆነ። ፊልሙ ሲጀምር የሚመጣውን ጽሑፍ ደግሞ ለማን ይጠቅማል ብዬ በፍጥነት አሳልፈው ነበር።

መስቀል ያለበት ካሴት ላይ ትልቁ ልጅ አባቱን ገደለው። ቤቱ በጩኸት ፈረሰ። በሚቀጥለው ሳምንት ባለ ሁለት ምልክቱን ሌላውን ሳስገባ ሽማግሌው ቁጭ ብሎ ይበላል። ሰፈራችን ውስጥ ምላሱ የማያርፍ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሁልጊዜ መሃል አግዳሚ ላይ ነው የሚቀመጠው።

"መምህር!" አለኝ። "ይሄ ሰውዬ ባለፈው ቅዳሜ አልቀበርነውም እንዴ?"

"ሞቶ ነበር።"

"ታዲያ ይሄ የሚበላው ማነው?"

"በጠፈር መሞት እንደኛ አይደለም። በረዶ ውስጥ አቆይተው አወጡት።"

"ሚስቱንስ ለምን አያወጧትም?"

"ወረፋ አለ።"

ሰው በሳቅ ወደቀ። ከፊት ያሉትም በሲዳምኛ ሲደርሳቸው ወደቁ። ከዚያ በኋላ ቀበሌ ወረቀት ሊያወጣ የሄደ ሰው ተጉላልቶ ሲመለስ "እንደ ሽማግሌው ሚስት አስተኙኝ" የሚል አባባል በሰፈሩ ገባ። እኔም ቀስ በቀስ ደፋር ሆንኩ። የሚናገሩትን ከፊታቸው እየገመትኩ፣ ሲቆጡ ቁጣ፣ ሲያለቅሱ ልመና እየሰጠኋቸው ቀጠልኩ። ውሸቴን ሰዉ ወደደው።

ባለ አራት ምልክቱ ካሴት ላይ ትልቁ ልጅ ብቻውን፣ ጠመንጃ ሳይዝ፣ እጁን በገዛ ቀበቶው አስሮ አባቱ ፊት መጥቶ ተንበረከከ። ሽማግሌው በብረት እጁ ብድግ አደረገው። ትልልቅ ወንዶች፣ የጋሪ ነጂዎች፣ አለቀሱ። በሩ ላይ አባቴ መሐረብ አውጥቶ አፍንጫውን ሲጠርግ አየሁ።

ሰው ሲወጣ፣ "ገድሎት እንኳ ታረቁ" አለኝ። "የእኔ ጥርስ ነው የሰበረው።"

"አዎ አባባ።"

"ሽማግሌ ላኩበት? አልላኩም። ማንም ሳይጠራው ራሱ መጣ።"

"ራሱ ነው የመጣው።"

"የእኔም ራሱ ይመጣል።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ አባቴን የያዘው ያ ካሴት ነው። የእድር ሰዎች "ሄደን እናምጣልህ" ብለው ስንት ጊዜ መጡ፤ "ራሱ ይመጣል" ብሎ መለሳቸው። ሰው በጠፋበት ቀን በርጩማውን ወደ ውስጥ ስቦ "የመጨረሻውን አስገባልኝ" ይለኛል። ብቻውን ያያል። እኔም ከጎኑ ቆሜ በቀርከሃ እያመለከትኩ፣ ስንት ጊዜ ያወራሁትን ውሸት እንደገና አወራለታለሁ። ልጁ ሲንበረከክ ሁልጊዜ "አባዬ፣ አጥፍቻለሁ" ይላል ብዬ ነው የማስረዳው። ምን እንዳለ እግዜር ይወቅ።

ዓመቱ ሄደ። ጋሪው ከመንገድ ጠፍቶ ባጃጅ ተተካ። ሰው ወደ ዲሽ ቤት፣ ወደ እንግሊዝ ኳስ ሄደ፤ የእኛ አግዳሚ ላይ አቧራ ተቀመጠ። እኔ በወር አንዴ እሁድ ወንድሜን አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚጠበስበት ቦታ፣ አገኘው ነበር። የተጠበሰ ዓሣ ይገዛልኛል። ያ መላጣ ትልቅ አሞራ አጠገባችን ቆሞ፣ አንጀት እስኪጣልለት እንደ አለቃ ያየናል።

"አባባ ምን ይላሉ?" ይለኛል።

"ድንጋይ ይላሉ።"

"አንተስ ምን ትላለህ?"

"እኔ ምን አገባኝ? እኔ ፖስታ ነኝ።"

"ፖስተኛ እንኳ አድራሻ ያነባል" አለኝ አንድ ቀን፣ እየሳቀ። የሚያስቅ ነገር የተናገረ መስሎት ነው። ዓሣዬን ትቼለት ተነሳሁ።

ያም ሆኖ ትምህርት ቤት ያስገባኝ እሱ አይደለም፤ ልብስ ሰፊው ነው። ደጃችን ላይ የዕለቱን ፊልም የምንጽፍበት ጥቁር ሰሌዳ አለ። እኔ ስለማልጽፍ የሚያልፍ ሰው አስቁሜ ነበር የማስጽፈው። አንድ ጠዋት ልብስ ሰፊው፣ "አምጣ እኔ ላሳምርልህ" አለና ጠመኔውን ተቀበለኝ። ጽሑፉ እውነትም ያምር ነበር። አወጣሁና ሰቀልኩት፤ አጠገቡ ቆሜ ሰው ስጠራ ዋልኩ። የሚያልፈው ሁሉ እያነበበ እየሳቀ ያልፋል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ፣ ፊልሙ አስቂኝ መስሎኝ። አመሻሹ ላይ አንዲት የተማሪ ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ "ጋሼ፣ አጥፋው" አለችኝ። "ዛሬ የሚያስረዳላችሁ ደንቆሮው ነው" ነበር የሚለው። ሙሉ ቀን። አባቴ እዚያው በር ላይ ነበር የዋለው፤ ባይማርም ተራ ጽሑፍ ማንበብ ይችላል።

"አይተውት ነበር?" አልኩት።

"ቀልድ ነው" አለኝ።

በሳምንቱ ለጎልማሶች ቅዳሜና እሁድ ጠዋት የሚሰጥ ትምህርት ተመዘገብኩ። አስተማሪዬ ልጄ ልትሆን የምትችል ሴት ናት። ለልጅ የተሠራ ወንበር ላይ ጉልበቴን ደረቴ ላይ አድርጌ "ሀ ሁ" አልኩ። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። የመጀመሪያውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያነበብኩት ፋርማሲ በር ላይ ነው፤ "ሐኪም ያላዘዘው መድኃኒት አንሸጥም" ይላል። ማንንም አልነገርኩም። ለማን ይነገራል?

በዚያው ዓመት አባቴ ታመመ። ኩላሊት ነው አሉት። እግሩ አበጠ፣ ፊቱ ከሳ። ሐኪሙ ወደ ቤት ውሰዱት ሲለን ምን ማለቱ እንደሆነ ገባኝ። ወንድሜ ቢሮ ሄጄ በሩ ላይ ቆሜ ነገርኩት። "ሊሞቱ ነው። ድንጋይህን ተሸከም፣ ወይም አትሸከም፤ እኔ ሁለተኛ አልመላለስም።"

ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። ከዚያ፣ "ድንጋይ ጣዖት አይደለም" አለ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሱ ነው የተናገረው። "ከእሁድ በኋላ ባለው እሁድ እመጣለሁ በላቸው።"

ይህን ለአባቴ ስነግረው የሆነውን ማየት ነበረባችሁ። ሾርባ የማይወርድለት ሰው እንጀራ ጠየቀ። ነጩን ጋቢ ከሣጥን አስወጣኝ። "በግ ግዛ፣ ወፍራም" አለ። "ጥርሴን ሲያይ እንዳያዝን አፌን ገጥሜ ነው የምቀበለው" አለ። "አላልኩህም? ራሱ መጣ። አላልኩህም?" ስንት ወር ሽንቱን ያፈሰስኩለት፣ ሰውነቱን ያጠብኩት እኔ፣ በግ ቀርቶ ስለ እኔ ዶሮ ሲያርድ አላስታውስም።

ከቀጠሮው እሁድ ሳምንት ቀደም ብሎ በዋለው ቅዳሜ ክፍል ውስጥ አስተማሪዋ ሰሌዳውን በሦስት ከፈለችና የቁጥር ዓይነቶችን ጻፈች። የግዕዙን፣ በየቀኑ የምንጠቀምበትን፣ በሦስተኛው ረድፍ ደግሞ እንጨት፣ የተገለበጠ ጣራና መስቀል። "ይሄ የሮማ ቁጥር ይባላል" አለች። እጄን አወጣሁ።

"መስቀልና አንድ እንጨትስ ስንት ነው?"

"እንጨቱ ከፊት ነው ከኋላ?"

"ከፊት።"

"ዘጠኝ።"

"ጣራውና ሦስት እንጨትስ?"

"ስምንት።" ከዚያ ሳቅ አለች። "ብዙ እንጨት ስላለ ትልቅ መስሎህ ነው?"

ቤት ሄጄ ካርቶኑን አወጣሁ። አምስቱን ካሴት እንደ ድሮው አግዳሚው ላይ ደረደርኩ። አምስት፣ ዘጠኝ፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት። እንዲህ ነበር ስንት ዓመት ያሳየሁት። ሞቶ ከበረዶ የወጣ የለም። ስምንተኛው ላይ ታረቁ፤ ዘጠነኛው ላይ፣ አባቱ በብረት እጁ ያነሳው ያ ልጅ፣ አባቱን ገደለው። መጨረሻው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ካሴት የለም።

ሐሙስ ዕለት አባቴ ለእሁድ ጢሙን እንድላጨው ጠየቀኝ። ፊቱን በሳሙና ቀብቼ፣ ምላጩን ይዤ፣ ነገርኩት።

"አባባ፣ ካሴቶቹን አነበብኳቸው።"

"የትኞቹን?"

"የነሽማግሌውን። ተሳስቼ ነበር። መታረቃቸው መጨረሻ አይደለም፣ ስምንተኛው ነው። መግደሉ ነው ዘጠነኛው።"

ዓይኑን ከፈተ። "ታርቀው ሲያበቁ ነው የገደለው?"

"ታርቀው ሲያበቁ።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"አንብቤዋለሁ።"

አረፋው ጉንጩ ላይ እየደረቀ ነበር። እኔ የምጠብቀው አንድ ቃል ነበር። ለአባቴ ያነበብኩለት የመጀመሪያው ነገር ነው፤ "መቼ ተማርክ?" ይለኛል ብዬ ነበር። እንዲህ አለ፦

"ወንድምህ ቢኖር ይሄን በጊዜ እናውቀው ነበር።"

ለምን ነገርከው የሚለኝ ሰው ካለ፣ እውነት ስለሆነ ነው እለው ነበር። ብዙ ጊዜ ብያለሁ። ዛሬ ግን ስለምጽፍ እንዲህ እጽፋለሁ፦ በጉ ግቢው ውስጥ ታስሮ ይጮህ ነበር፤ ያንን ጩኸት መስማት አልቻልኩም።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁለት የእድር ሽማግሌዎች ቀድመው መጡ። የአባቴን አልጋ ወደ በሩ አስጠጋነው። ወንድሜ ከበሩ ውጭ ደረሰ። ኮት ለብሷል። ከታቦር ተራራ ሥር ያመጣው ጥቁር ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ነው፤ ትንሽ መርጦ አልመጣም። ጎንበስ ብሎ ደፉ ላይ ቆመ። ፊቱ አይታይም፣ ላቡ ብቻ ሲንጠባጠብ ይታያል።

"ይኸው ልጅህ" አለ አንደኛው ሽማግሌ። "አጥፍቷል፣ ጥፋቱን ተሸክሞ መጥቷል። በል፣ ጣለው በለው።"

አባቴ ጋቢውን ወደ ደረቱ ሳበ።

"ስለ ፈጠረህ" አለ ሁለተኛው። "ኮቱን እየው፣ በላብ ራሰ። ጣለው በለው እንጂ።"

አባቴ ወንድሜን አላየውም። ዞሮ እኔን አየኝ። በሕይወቴ እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም፤ ሙሉ ለሙሉ፣ ዓይን ለዓይን፣ ቤቱ ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ የሆንኩ ያህል።

"ይሄ ስንተኛው ነው?" አለኝ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። "ምን አለ?" "ትኩሳቱ ነው።"

ትኩሳት አልነበረም። እኔን ነው የጠየቀኝ፤ መልሱንም የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። "የመጨረሻው ነው አባባ" ብለው ይበቃ ነበር። ስንት ዓመት ዋሽቼ ሳስለቅስ የኖርኩ ሰው አንድ ውሸት አልጠፋኝም ነበር።

"ስምንተኛው ነው" አልኩት።

አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ወንድሜ ቆመ። ሽማግሌዎቹ ለመኑ፣ ተቆጡ፣ አልጋው ሥር ተንበረከኩ። ጥላው ከአንዱ መቃን ወደ ሌላው እስኪዞር ድረስ ወንድሜ ድንጋዩን ተሸክሞ ቆመ።  እጄን ዘርግቼ ድንጋዩን ላወርድለት እችል ነበር፤ ወጉ አይፈቅድም አልኩ ለራሴ። በመጨረሻ በገዛ እጁ አወረደና ደፉ ላይ አስቀመጠው፤ አልወረወረውም።

"አባባ፣ ተሸክሜ መጥቻለሁ" አለ። "ከዚህ በላይ የለኝም።"

ሄደ። በጉን ሽማግሌዎቹ አስፈቱኝ፤ ሳይታረድ ቀረ።

አባቴ ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ኖረ። ስለዚያ ቀን አልተናገረም፤ ውሃ ከመጠየቅ በስተቀር ለእኔም ሌላ ቃል አልተነፈሰም። ቀብሩ ላይ ወንድሜ ከቸርቹ ሰዎች ጋር ከመቃብሩ ማዶ ቆሞ ነበር። አፈር ሲመለስ ተሻግሮ እጄን ጨበጠኝ፣ "እግዚአብሔር ያጽናህ" አለኝ፣ እንደ ማንም ለቀስተኛ። ስምንተኛው ማለት ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቀኝም። ከዚያ ወዲህ አላናገረኝም።

እኔ አሁንም እዚያው ቤት ነኝ። አግዳሚዎቹን ለዲሽ ቤት ሸጥኳቸው። ድንጋዩ በሩን ደግፎ ይይዝልኛል፤ ከሐይቁ ንፋስ ሲመጣ በሩ ይመታል። ካሴቶቹን ሻጋታ በላቸው፣ ዴኩም ሞተ፤ ዘጠኙን በትክክለኛው ተራ አንድ ጊዜ እንኳ አላየኋቸውም።

አንድ ነገር ግን አይለቀኝም። ዘጠነኛው ላይ ልጁ ከመግደሉ በፊት ሽማግሌው ረጅም ነገር ይናገራል፣ የብረት እጁን ልጁ ትከሻ ላይ አድርጎ። እኔ ያን ጊዜ "እየረገመው ነው" ብዬ ነው ያስረዳሁት፤ ከፊቱ ገምቼ። ምናልባት እየመረቀው ነበር። ምናልባት ታምሞ "ገላግለኝ" እያለው ነበር። ያ ቢሆን ኖሮ አባቴን ምን እለው ነበር? የተማርኩት ፊደል ነው፤ እንግሊዝኛ ዛሬም አልሰማም።

የሚሰማ አንድ ሰው አውቃለሁ። ያንን ፊልም እስከ መጨረሻው አላየው ይሆናል፤ ግን ብነግረው ሊያስታውስ፣ ሊጠይቅልኝ ይችላል። ባለፈው ወር ባህል አዳራሽ ጋ ቢሮው ድረስ ሄድኩ። አሁን የራሱ ክፍል አለው። በሩ ላይ ስሙ ከነአባቴ ስም ተጽፏል። ቆሜ አነበብኩት። ሁለት ጊዜ አነበብኩትና ተመለስኩ።